ራስን ስለ ማዳን

ሰው ከመጣበት መከራ ራሱን ለማዳን መብት እንዳለው የሚክድ የለም። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ይህንኑ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ነገር ግን አንዱ የዳነበት መንገድ ሌላውን የሚያሰጥም የሆነ እንደ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜስ ምን እንላለን?

የባንግላዴሽን የባሕር ዳርቻ እንመልከት (ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮጳውያን ነው)። አገሩ ዝቅተኛ ሜዳ ስለ ሆነ ከ1960 ወዲህ ባሉት ዓመታት የባሕሩን ውሃ የሚከለክል ረጅም የአፈር ግድብ ተሠራ፤ ገበሬውም ከግድቡ ወዲህ ሩዙን ይዘራ ነበር። ዛሬ የዓለም ሙቀት ጨምሮ ባሕሩ ከፍ በማለቱ ጨው ወደ መሬቱ ይዘልቃል። በ2009 አይላ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ግድቡን በብዙ ስፍራ ሰበረው። ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ1980 ወዲህ፣ ባለጸጎች ግድቡን በገዛ እጃቸው እየነደሉ የጨው ውሃ ያስገቡ ጀምረው ነበር፤ ሽሪምፕ አርብተው ወደ ውጭ አገር ለመሸጥ ነው። ጨው መምጣቱ ካልቀረ በጨው መኖር ብልህነት ነው የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ቤት ይተዳደርበታል። ነገር ግን ከኩሬው የሚሰርገው ጨው የጎረቤትን ሩዝ ያቀጭጫል፤ ከብቱ ሣር ያጣል፤ የመጠጡም ውሃ ይበላሻል። ሽሪምፕ እንደ ሩዝ ብዙ እጅ አይፈልግምና መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ እንጀራውን ያጣል። (ሙቀቱን ያመጣው ጢስ በአብዛኛው የወጣው ከሩቅ አገር ነው፤ ሽሪምፑንም የሚበሉት ብዙዎቹ በሩቅ አገር ናቸው።) በ1990 በኩልና አውራጃ ካሩናሞዪ ሳርዳር የተባለች ሴት የጨው ውሃ እንዳይገባ የሚቃወሙትን ድኾች እየመራች ሳለ ተገደለች።

ስለዚህ ነገር ሳነብ የማስበው የራሳችንን ማሳ ነው። ማሳችን ተዳፋት ነበር። ክረምቱ በበረታ ጊዜ አባቴ አፈሩ እንዳይታጠብ ፈሰስ ያወጣል፤ እኔም ከሚስዮን ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቼ በዶማ እረዳው ነበር። የእኛ አፈር ዳነ። ውሃው ከበታች ወዳለው ወደ አንዲት ባልቴት ጤፍ ወረደ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሃ ወደ ታች መውረዱ የፈጣሪ ሥራ ነው ይል ነበር። መውረዱስ እውነት ነው፤ በዚያ በኩል እንዲወርድ የመረጥነው ግን እኛ ነን። ሁለት ቀን ጨምረን ብንቆፍር ወንዙ ድረስ ይደርስ ነበር። ባልቴቲቱን ግን ማንም አልጠየቃትም።

በዚያው ዓመት ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ላከችልን። እኔም በላሁ።