ወሬን ስለ መመርመር የተነገረ ኹጥባ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ነቢያችን በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢያገቡ እርጥበት አገኙ፤ እርጥቡን ከሥር የሸሸገውንም ሻጭ ገሠጹት። በሸዋ ሮቢት ገበያ ማሾ የሚገዛ ነጋዴም የጆንያውን አፍ አይቶ ብቻ ዋጋ አይቆርጥም፤ እጁን እስከ ታች ይሰዳል። ታዲያ በስልኩ የመጣለትን ሥዕል ሳይመረምር ስለ ምን ይቀበላል?

ሥዕል ሁሉ እውነተኛ ምስክር አይደለም። በ1909 ዓ.ም. ጀርመንና ቱርክ በአንድ ወገን፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በሌላው ወገን ሆነው ሲዋጉ ኢትዮጵያን ወደየራሳቸው ይስቡ ነበር። ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክ ያዘነብላሉ ተብሎ ተፈራ። በዚያን ጊዜ ጥምጥም ጠምጥመው እንደ ሙስሊም ለብሰው የሚታዩበት ፎቶግራፍ እንደ ተሠራጨ ይነገራል፤ ከሌላ ሥዕል ተቀጥሎ የተሠራ ነው የሚሉም ብዙዎች ናቸው። መስከረም 17 ቀን እስልምናን ተቀብለዋል በሚል ክስ ከሥልጣን ተሻሩ። ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ያመጡት ጦር በሰገሌ ድል ሆነ፤ ብዙ ሺህ ነፍስም ጠፋ። በእርግጥ ፎቶግራፉ ብቻውን ይህን ሁሉ አላደረገም፤ የመኳንንቱ ቅያሜ ቀድሞ ነበረ። ነገር ግን ሐሰተኛ ሥዕል ገበያ የሚያገኘው ሰው አስቀድሞ በሚፈራው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ የተፈራው የእኛ ሃይማኖት ነበረ።

ለዚያ ሥራ መቀስና ሙጫ፣ የሠለጠነ እጅም ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ ከብዙ ሥዕልና ድምፅ ተምሮ፣ ሰው ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርጎ በጥቂት ጊዜ ያቀርባል። ሩሲያና ዩክሬን ሲዋጉ፣ መጋቢት 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ወታደሮቹን መሣሪያ አስቀምጡ ሲል የሚታይበት ሐሰተኛ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወጣ። ራሱና አንገቱ ስላልተስማሙ ብዙ ሰው አልተታለለም፤ እርሱም ወዲያው አስተባበለ። ከዚያ ወዲህ ግን መሣሪያው እጅግ ረቅቋል፤ ዓይን ብቻውን አይለየውም።

እናንተ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ቤትና ንብረት ሲቃጠል ያያችሁ ናችሁ። እንዲህ ባለ ቀን ጎረቤትን በጎረቤት ላይ የሚያስነሣ አንድ ሐሰተኛ ድምፅ ቢላክ፣ ላኪው ምናልባት ባሕር ማዶ ተቀምጧል፤ የሚነደው ግን የእናንተ ሱቅ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬን መርምሩ የተባልነው፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። ስለዚህ ማን ላከው? መቼ ተነሣ? ብላችሁ ጠይቁ፤ እስኪረጋገጥም ለሌላ አታስተላልፉት። በአጣዬ ወይም በከሚሴ ያለውን ደንበኛችሁን ደውላችሁ ጠይቁት፤ ለእህል ዋጋ በየጧቱ ትደውሉለት የለምን?