አባት በልጁ ስም ስለሚገባው ቃል

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ተረት ከአባቶቻችን ወርሰናል። ተረቱ ቃልን ከልጅ በላይ የሚያከብር ስለ ሆነ፣ ቃሉን አጠፈ መባልን የሚጠላ ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን የተነገረው ቃል ራሱ ስለ ልጁ የተነገረ ሲሆን ፍርዱ እንዴት ይሆናል? አባት በልጁ ስም የገባው ቃል ልጁን ያስረዋልን?

ይህን ጥያቄ ለሣቅ የተሠራ ጨዋታም ያነሣዋል። ሩሚኮ ታካሃሺ የተባሉት ጃፓናዊት ደራሲና ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1996 ዓ.ም. «ራንማ ½» የሚባል የሥዕል ታሪክ በሳምንታዊ መጽሔት ላይ አወጡ፤ ይኸውም በ38 ቅጽ ታተመ። አኒሜ በሚባለው በሚንቀሳቀስ ሥዕልም ከ1989 እስከ 1992 ዓ.ም. በ161 ክፍል በቴሌቪዥን ታየ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና ተሠርቶ ቀረበ። ራንማ የተባለው ወጣት ታጋይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሴት፣ ሙቅ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ወንድ ስለሚሆን ተመልካች ይሥቃል። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በአባቱ በጌንማ ላይ ነው።

ልጁን ቻይና ውስጥ ወዳለው ርጉም ምንጭ ለልምምድ የወሰደው ይህ አባት ነው። ከትግል ጓደኛው ከሶዑን ቴንዶ ጋራ «ልጆቻችን ተጋብተው ትምህርታችንን ይወርሳሉ» ብሎ የተማማለውም እርሱ ነው፤ ራንማና የሶዑን ልጅ አካኔ ግን ነገሩን የሰሙት ካደጉ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ ራንማን ለሌላይቱ ልጅ ለኡክዮም ሰጥቶ፣ የአባትዋን የምግብ መሸጫ ጋሪ እንደ ጥሎሽ ከተቀበለ በኋላ ልጅቱን በመንገድ ትቶ ሄዶአል። የጃፓን ሕገ መንግሥት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ስለሚያዝ፣ በዳኛ ፊት የእነዚህ አባቶች ውል ዋጋ የለውም። የሚቀረው የኅሊና ፍርድ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው «አባት ሳያማክር ለልጁ ስም ያወጣል፣ ቋንቋ ያስተምራል፣ ሃይማኖት ያወርሳል፤ ታዲያ ይህ በምን ይለያል?» ይለኝ ይሆናል። ለልጅ መስጠትና ልጅን መስጠት የተለያዩ ናቸው እላለሁ። ስምና ትምህርት ለልጁ የሚቀሩ ስጦታዎች ናቸው። ጌንማ ግን ልጁን ለራሱ ዕዳ መክፈያ አደረገው። ሰው ቃል ሊገባ የሚችለው በራሱ ነገር፣ በድካሙና በገንዘቡ ነው እንጂ በሌላ ሰው ልብ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ራንማና አካኔ በእውነት ይዋደዳሉ፤ ሆኖም ሲሰዳደቡ ይውላሉ እንጂ አንዱ ለሌላው «እወድሃለሁ፣ እወድሻለሁ» ለማለት አፋቸው ይያዛል። ኩራታቸው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ፍቅሩን የሚገልጸው ሁሉ ለአባቱ ትእዛዝ የተገዛ መስሎ ስለሚታይ ነው። እንግዲህ አባቶቹ ምርጫቸው ቢሰምር እንኳ፣ ልጆቹ በገዛ ፈቃዳቸው የመስጠትን ደስታ ቀምተዋቸዋል። በ1996 ዓ.ም. በታሪኩ መጨረሻ በአካኔ ቤት የተዘጋጀው ሠርግ በጠብ ይፈርሳል፤ ሁለቱም ሳይጋቡ ይቀራሉ። ብዙ አንባቢ በዚህ ቅር ቢለውም እኔ ፍርዱን ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ለመምረጥ ጊዜ ተሰጥቶአቸዋልና።

ለኡክዮስ ማን ይካሳት? ራንማ ውሉን ስላላወቀ ሊያገባት ግድ የለበትም። ጋሪውን የወሰደው ጌንማ ግን ሊመልስና ይቅርታ ሊለምን ይገባዋል። አንተም አባት የሆንህ ወዳጄ፣ በልጅህ የሚከፈል ቃል ገብተህ እንደ ሆነ፣ ቃሉን ወደ ተቀበለህ ሰው ሄደህ «ያልሆነኝን ነገር ሰጠሁህ» በለው፤ ኀፍረቱንም ራስህ ተሸከም። ቃልህን ማክበር የምትጀምረው ከዚያ ነው።