የሰጠን ማን ነው?

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የተወለድኩበት ቤት የቀበሌ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። እናቴ በየወሩ የምትከፍለው ኪራይ ግማሽ ኪሎ ቡና እንኳ አይገዛም። ይህን ቤት ሁላችንም «መንግሥት የሰጠን» እንለው ነበር። ቃሉን መመርመር የጀመርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ልጅ ሳለሁ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አንዲት አሮጊት ይመጡ ነበር። እናቴ «እመይቴ» እያለች ከመደቡ ታስቀምጣቸውና ቡና ታፈላለች። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጥተው፣ መርቀው ይነሣሉ። ሲወጡ ታዲያ የበሩን መቃን በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉታል። ቤቱን ለኪራይ ብለው ያሠሩት ሟች ባላቸው እንደነበሩ የነገረኝ የሰፈር ሰው ነው፤ እናቴ አልነበረችም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለመሬቱ ካሣ እንደማይከፈል ቆረጠ፤ አነስተኛ ኪራይ የነበራቸውን ቤቶች ለቀበሌ አስረከበ፤ ኪራያቸውንም ቀነሰ። አዋጁን ዛሬ ተነሥቶ ዝርፊያ ማለት ይቀላል። ግን አያቴ በአከራይ ቤት ስትኖር ልጅ ባለቀሰ ቁጥር አፉን ታፍን እንደነበር እናቴ አትረሳውም። በአዋጁ ማግስት ያ ፍርሃት ቀረ። ይህም እውነት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው የራሱን ቢሰጥ ስጦታ ይባላል። ከአንዱ ወስዶ ለሌላው የሰጠስ፣ ምስጋናው ለማን ይድረስ? አንድ ክረምት ጣራችን አፍስሶ እናቴ ይጠገንልኝ ብላ አመልክታ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ «በዚህ ዋጋ ማን ቤት ይሰጥሻል?» አላት። አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። አያቴ ለአከራይዋ የደፋችው አንገት፣ አከራዩ ተለወጠ እንጂ፣ እንደተደፋ ቀረ ማለት ነው። በዚያ ኪራይ ቤት ማደስ እንደማይቻል እኔም አይጠፋኝም። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጠግነውም፤ የራሷ ስላልሆነ እሷም ያለ ፈቃድ ሚስማር አትመታበትም። ስጦታችን እንዲህ ዓመት በዓመት በላያችን ያረጅ ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ ሲመጣ ሰጪው ዕጣ ሆነ። ዕጣ የወጣለት ፈጣሪውን ያመሰግናል፣ ያልወጣለት ዕድሉን ይረግማል፤ ባለሥልጣን ፊት ግን ማንም አንገቱን አይደፋም። በዚህ ረገድ ዕጣን እወደዋለሁ።

ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ደባርቅ ላይ፣ ጉዳዩ ተገልብጦ ይገኛል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገባ። በፓርኩ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ ገብስ እየዘሩ ከብት እያረቡ የኖሩት የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም ወደ ደባርቅ እንዲወርዱ ተደረገ። የካሣ ገንዘብና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው። በዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ዋልያ ከዚያ ገደል ሌላ አገር የለውም። ስለዚህ መንደሩ መነሣት አልነበረበትም ለማለት አልደፍርም። አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ቦታና ገንዘብ ሲሰጣቸው ስሙ «ድጋፍ» ከተባለ ተቀባዩ ባለውለታ ይሆናል። «ዕዳ» ከተባለ ግን ባለውለታዎቹ እኛ ነን፤ ፓርኩን ለመጎብኘት የምንወጣው፣ በፎቶግራፉ የምንኮራው። ገበሬው ትቶት የመጣው ቤት ብቻ አይደለም፤ ማሳውን፣ ግጦሹን፣ ጎረቤቱን ጭምር ነው። ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ይሠራል፤ ገብሱን ግን በገንዘብ ይሸምታል። የሰጠነው ሲጎድል ሊጠይቀን ይገባዋል፤ ለባለዕዳ እንጂ ለቸር ሰው «ጎደለ» አይባልምና።

ባለፈው ዓመት ለበዓል ጎንደር ወርጄ እናቴን ጠየቅኋት። እመይቴ ካረፉ ቆይተዋል። ቤቱ የሳቸው ነው ብለሽ ታስቢ ነበር ወይ? አልኳት። ረከቦቱን ወደ ራሷ ስባ ሲኒዎቹን መደርደር ቀጠለች።

«አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር» አለችኝ። «ግን ምን ብዬ? እኔ አልወሰድኩባቸው። ኪራይ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ አለ።»

ከሣጥኗ አውጥታ አሳየችኝ። ሁሉም በየወሩ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሯል።