ፈረስ ለአለቃ መምህር ይሆናልን?

በዛሬው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ሰው ማስተዳደርን በፈረስ አጠገብ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ተማሪዎቹም ብዙ ሠራተኞችን የሚያዙ አለቆች ናቸው። ትምህርቱ ግልቢያ አይደለም፤ አለቃው በታጠረ ሜዳ ውስጥ በእግሩ ቆሞ፥ ሳይጐትትና ሳይመታ ፈረሱ እንዲከተለው ይሞክራል። ቢከተለው፥ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ቢሸሸው፥ ምክንያቱን ከራሱ ጠባይ እንዲመረምር ይታዘዛል። እንግዲህ መናገር የማይችል እንስሳ ለአለቃ መምህር ሊሆን ይችላልን?

ሐሳቡ ሥሩ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአቴናው ክሴኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፥ ፈረስን በቍጣ መቅረብ እንዳይገባ መክሯል። ራሱን ያልገዛ ሰው ፈረሱን አይገዛምና።

የፈረስን አስተዋይነት የሚያስረዳ ሌላ ታሪክም አለ። በበርሊን ከተማ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባል ሽማግሌ የሒሳብ መምህር ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበረው። ሐንስ ቍጥር ሲጠየቅ በሰኰናው መሬቱን እየመታ በትክክል ይመልስ ስለ ነበር ብዙ ሰው ተደነቀ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ሊቃውንት ተሰብስበው ቢመረምሩ ተንኰል አላገኙበትም። ኦስካር ፕፉንግስት ግን በጥንቃቄ ፈትኖ፥ በ1907 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ምሥጢሩን ገለጠ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ባያውቅ፥ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን እንዳያይ ቢከለከል፥ ሐንስ ይሳሳት ነበር። ቍጥሩ ሲሞላ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን በጥቂቱ ሲያንቀሳቅስ እያየ ያቆም ነበር እንጂ ሒሳብስ አያውቅም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ሰው ራሱ ያላወቀውን የሰውነቱን ምልክት ፈረስ ያነባል፤ በአፉ ትዕግሥትን እየተናገረ በትከሻው ቍጣን የተሸከመ ሰው ፈረስን በቀላሉ አያታልልም። ሁለተኛው፥ ሰው በፈረስ ላይ ማየት የሚወደውን ያያል። ሽማግሌው ተማሪ ያገኘ መሰለው፤ ያገኘው ግን መስተዋት ነበር። ስለዚህ «ፈረሱ እንዲህ አለህ» እያለ የሚተረጕም አሠልጣኝ፥ የራሱን ቃል በእንስሳው አፍ እንዳያኖር ይጠንቀቅ። መስተዋትም ቢሆን እድፍን ያሳያል እንጂ ፊትን አያጥብም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም። አለቃው በየቀኑ ከሚያያቸው ሠራተኞች ያላገኘውን እውነት ከፈረስ ዘንድ ሊፈልግ ለምን ሄደ? ፈረስ ከሰው ይልቅ ቅን ስለ ሆነ አይደለም። ፈረስ ደመወዝ የለውም፤ ሹመት አይለምንም፤ ልጆቼ ጦማቸውን ያድራሉ ብሎም አይሠጋም። ሲከፋው ይሸሻል። ጸሓፊውና ዘበኛው ግን ሲከፋቸው እጅ ነሥተው «እሺ ጌታዬ» ይላሉ። እንግዲያስ የጠፋው እውነት አይደለም፤ እውነትን ያለ ፍርሃት መናገሪያ ስፍራ ነው።

በኢትዮጵያ ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ነገር ግን ሕዝብ ጌታውን የሚመዝነው ፈረሱን በገራበት ጥበብ ሳይሆን ድኻውን በዳኘበት ፍርድ ነው።

ስለዚህ ከፈረስ ትምህርት የተመለሰውን አለቃ እውነተኛው ፈተና በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ይጠብቀዋል። የበታቹ «ይህ ትእዛዝ ስሕተት አለበት» ሲለው፥ እንጀራውን ሳይቈርጥበት በትዕግሥት ቢሰማው፥ ፈረሱ በከንቱ አልደከመም። ባይሰማው ግን የፈረስን ጠባይ ተማረ እንጂ የሰውን አስተዳደር ገና አልጀመረም።