ጋቢ የምትጠባ ድመት

ድመቴ ጋቢ ትጠባለች። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ለሚሸጥ ሰው ይህ የቀልድ ወሬ አይደለም፤ የሚጠባው ገንዘብ ነው። ስሟ ባዘቶ ነው። ነጭ ስለሆነች ሸማኔዎቹ አወጡላት። ሱቅ ያስገባናት አይጥ እንድታጠፋ ነበር፤ በዚህ በኩል አትታማም። ከሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ግን መደርደሪያው ሥር ወደተቀመጠው አሮጌ ጋቢ ትሄድና ሌላ ድመት ትሆናለች።

ወንበሬን አስጠግቼ አይቻታለሁ። መጀመሪያ ታሸተዋለች። ጥለቱን አትነካም፤ የምትፈልገው ነጩን፣ በመታጠብ ብዛት የሳሳውን ጫፍ ነው። ከዚያ የፊት እግሮቿን እያፈራረቀች ትረግጠዋለች፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ጥፍሯ ብቅ ባለ ቁጥር ከማጉ አንድ ክር ይመዘዛል። ዓይኗ ይከደናል፣ ከጉሮሮዋ ኩርር የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ጫፉን ጎርሳ ትስባለች። ቢጠሯት አትሰማም። አንድ ጊዜ ወተት በሳህን አድርጌ አጠገቧ አስቀመጥኩላት። ሸተተችው፤ አየችው፤ ተመልሳ ጨርቁን ጎረሰች። ወተቱን የጠጣችው ጠብታ በሌለበት ጋቢ ከጠገበች በኋላ ነው፤ ከጨርቅ መጥገብ የሚባል ነገር ካለ።

ሰው በየዓይነቱ ይፈርድባታል። ወጣቶቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጿታል፣ ይስቃሉ። አንዲት ደንበኛዬ አማትበው «ኧረ ጋሼ፣ ይቺ ድመት ደህና አይደለችም፤ ጸበል ይርጩባት» አሉኝ። ከአንጋፋዎቹ ሸማኔዎች አንዱ ደግሞ ከመወርወሪያው ቀና ሳይል «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብሎ ዘጋው። ተረቱ ለኔም የለመድኩት ነው፤ ግን እዚህ ቦታው አይደለም። ተረቱ የሚነቅፈው አስመሳይን ነው፤ ቆብ ደፍቶ ልቡ አይጥ ላይ ያለውን። ባዘቶ ምንም አላስመሰለችም። የምትፈልገውን ትፈልጋለች፣ ያውም በገበያ መሀል።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው። በልጅነቴ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ያሳሰበኝ እንስሳ ውሻ እንጂ ድመት አልነበረም፤ ዱላ የምንይዘው ለእሱ ነበርና። ከትምህርቱ የቀረልኝ ግን አንድ ነገር አለ። የኛ ሊቃውንት ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ የሰው ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሞት አያጠፋትም። የእንስሳ ነፍስ በደሙ ናት፤ ከሥጋው ጋር ታበቃለች። ታዲያ ማሰብ የሌለባት ነፍስ እንዲህ በአንድ ጨርቅ የምትያዘው በምንድን ነው? ይህ መያዝ እኛ በገንዘብ፣ በስልክ፣ በጫት የምንያዘው ዓይነት ነው ወይስ ሌላ?

አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬ መሪጌታ የሆነ ሰው አለ። ለበዓል ኩታ ሊገዛ መጥቶ ሳለ አሳየሁት። «መሪጌታ፣ ይኼን ምን ይሉታል?» አልኩት።

ቆሞ አያት። «ምንም አልለውም። ሕግ ያልተሰጠው ፍጥረት አይከሰስም። አንተ ደግሞ ሥራ ፈትተህ ድመት ትመረምራለህ?»

መልሱ ልክ ነው፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ኃጢአት የለባትም ማለትና ምንም አልጎደለባትም ማለት አንድ አይደለም።

የጎደለባትን ነገር የነገረኝ የእንስሳት ሐኪም ነው። የድመት ልጅ ስትጠባ የእናቷን ሆድ በፊት እግሮቿ የምትረግጠው ወተቱ እንዲወርድ ነው። ያለ ጊዜዋ ከጡት የተነጠቀች ድመት ይህንኑ ሥራ ካደገች በኋላም በብርድ ልብስ፣ በሹራብ፣ በሰው ጆሮ ላይ ሳይቀር ልትቀጥለው ትችላለች። በዘርም የሚብስባቸው አሉ፤ የሲያም ድመቶች ሱፍ በመጥባትና በመብላት የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፊንላንድ ውስጥ ከ5,700 በላይ ድመቶችን የተመለከተ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ሳይቆዩ ከእናታቸው የተለዩት ኃይለኞች የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ከ14 ሳምንት በኋላ የተለዩት ደግሞ እንዲህ ያለው የተደጋገመ ልማድ የሚያንስባቸው ሆነው ተገኝተዋል። የባዘቶ እናት የአይጥ መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ሞተች። ልጂቱን ክር የሚያደውርልን ልጅ በጫማ ካርቶን ይዟት ሲመጣ ዓይኗ ገና መገለጡ ነበር። እንግዲህ ጋቢው የማን ምትክ እንደሆነ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

ሐኪሙ ያስጠነቀቀኝ ግን ከመጥባቱ ይልቅ ስለ መዋጡ ነው። ረጅም ክር ከተዋጠ አንዱ ጫፍ ምላስ ሥር ወይም ጨጓራ ላይ ይያዝና ቀሪው ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቱ ሊገፋው ሲታገል፣ የሱሪ ማሰሪያ ሲሳብ ወገቡ እንደሚሸበሸበው፣ ራሱ ላይ ይሰበሰባል፤ ክሩ ውሎ ሲያድር አንጀቱን ይቆርጠዋል። በአፏ ወይም በኋላዋ በኩል ብቅ ያለ ክር ብታዩ አትጎትቱ፣ ወደ ሐኪም ውሰዱ ይላል። በኛ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ወለላችን ሁሉ ክር ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ወተት አጠገቧ ተቀምጦ ጨርቅ መምረጧ ከአእምሮዬ አልወጣ ሲል ሃሪ ሃርሎው የተባለውን አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አስታወሰኝ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጦጣ ግልገሎችን እንደተወለዱ ከእናታቸው ነጥሎ ሁለት የውሸት እናት ሠራላቸው። አንዷ ሽቦ ብቻ፣ ሌላዋ በስፖንጅና በፎጣ ጨርቅ የተጠቀለለች። ወተቱ ከሽቦዋ በሚወርድላቸው ጊዜ እንኳ ግልገሎቹ ጠጥተው ወደ ጨርቋ ይመለሳሉ፤ አብዛኛውን ቀን ተጣብቀው የሚውሉት እሷ ላይ ነው። የሚያስፈራ ነገር ሲገባም ሩጫቸው ወደ ጨርቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን ይዞ ለሙያ ባልደረቦቹ ስለ ፍቅር ምንነት ንግግር አደረገ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ሕፃን እናቱን የሚወደው ስለምታበላው ነው ይሉ ነበር።

እንደ ጨርቅ ነጋዴ ይህ ሊያኮራኝ ይችል ነበር። አላኮራኝም። በመጀመሪያ፣ ፍቅር ምን እንደሆነ ለማወቅ እናትን መንጠቅ ለኔ ከበድ ያለ ነገር ነው፤ የሙያ ጓደኞቹም በኋላ በዚህ ወቅሰውታል። ሁለተኛ ደግሞ በጨርቋ እናት ያደጉት ጦጣዎች ሲጎለምሱ ከሌሎች ጋር መኖር አቃታቸው፤ ከወለዱትም መካከል ልጃቸውን የገፉና የጎዱ ነበሩ። ጨርቁ አጽናንቷቸዋል፤ አላሳደጋቸውም። ጨርቅ እስከዚህ ድረስ ነው። እኔ ብሸጠውም እውነቱ ይኼ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን የማያውቅ የለም። ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ሲሞክር ይወድቃል፣ ይሞክራል፣ ይወድቃል፤ በመጨረሻ ወጣ። ያሬድ ከትሉ ተምሮ ተመለሰ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ትሉም ባዘቶም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ አንድን ነገር ሳይታክቱ መደጋገም። ትሉን ትጉህ፣ ድመቷን በሽተኛ ያሰኘን ምንድን ነው? ዛፉ ጫፍ አለው፤ ጋቢው ወተት የለውም። ልዩነቱ ፈላጊው ውስጥ ሳይሆን ተፈላጊው ውስጥ ነው። ሁለቱም ያለ ሐሳብ፣ በደመ ነፍስ የተነሡ ናቸው፤ አንደኛው የተፈጠረለትን አገኘ፣ ሌላይቱ የተፈጠረላትን ተነጥቃ በሚመስለው ላይ ቀረች።

ከዚህ በመነሳት አንድ ነገር ለመናገር እደፍራለሁ። የድመቷ ምኞት የተበላሸ ምኞት አይደለም። ልክ የሆነ ምኞት ነው፤ የጠፋው ባለቤቱ ነው። ስለዚህም ጣዖት አምላኪ ልንላት አንችልም። ነቢዩ ኢሳይያስ የሚዘብትበት ሰው ከአንዱ ግንድ ግማሹን አንድዶ እንጀራውን ጋግሮ፣ ሥጋውን ጠብሶ፣ በቀረው ግማሽ አምላክ ቀርጾ የሚሰግድ ነው። ያ ሰው የሚያስቀው ማወቅ ሲችል ስላላሰበ ነው፤ አመዱን በእጁ ዝቆታል። ለባዊት ነፍስ ተሰጥቶታል፣ አልተጠቀመበትም። ባዘቶ የምትጠይቅበት ነፍስ አልተሰጣትም።

ሰውስ ጨርቅ ሲይዝ? አንዲት ወይዘሮ የሟች እናታቸውን ነጠላ ይዘው መጥተው ነበር፤ ጥለቱ ተገንጥሎ። እንድናሰፋላቸው እንጂ እንዳናጥበው ደጋግመው አደራ አሉን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ነጠላውን ሲሰጡኝ ወደ ፊታቸው አስጠግተው ነበርና። ይህን ቁሳቁስ ማምለክ የሚል ሰው ቢኖር እከራከረዋለሁ። ቅዱስ ባስልዮስ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ አስተምሯል። ወይዘሮዋ ነጠላው እናታቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ፍቅራቸው በነጠላው በኩል አልፎ ወደ አንድ ስም፣ ወደ አንድ መቃብር፣ ወደ ትንሣኤ ተስፋ ይሄዳል። የባዘቶ የሚያልፍበት የለውም። እናቷን አታስታውስም፤ ቢያንስ እኔ የምታስታውስ አይመስለኝም። የቀረላት እንቅስቃሴው ብቻ ነው፤ እግር መርገጡ፣ ምላስ መሳቡ። ልዩነታችን ይኼው ነው፤ ዕቃ መውደዳችን አይደለም።

እንግዲያውስ ማወቅ የተሰጠው ወገን ኃላፊነቱ የት ድረስ ነው? እዚህ ላይ ከመሪጌታ ይልቅ የረዳኝ ጎረቤቴ ሐጂ ነው፤ ከኔ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የእሱ ነው። ነቢዩ መሐመድ የተናገሩትን አጫወተኝ፦ አንዲት ሴት ድመት አስራ ሳታበላት፣ ከምድር የሚገኘውን ተባይ እንኳ ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻት ለቅጣት በቃች። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። ማብላት ብቻ አይደለም፤ ፍጥረቱን የራሱን ሥራ መከልከልም በደል ሆኖ ተቆጠረ። ዛሬ ከተማው ውስጥ ስንቱ እንስሳ ነው ጠግቦ ሥራ የፈታው? እረኛ የነበረ የውሻ ዘር በግቢ ተዘግቶ ጥላ ሲያባርር ይውላል፤ ድመት በአፓርታማ ውስጥ ከአንድ ጠርሙስ ክዳን ጋር ትጣበቃለች። ሁሉም ከዚህ ብቻ ይመጣል አልልም፤ ዘርም፣ ሕመምም፣ ፍርሃትም አለበት። ብዙ ጊዜ የማየው ግን ሥራው ተወስዶበት ምኞቱ የቀረ ፍጥረት ነው።

ይባስ ብሎ በምኞቱ የሚጫወት አለ። ልጆች ያቺን ቀይ መብራት የምትወረውር ሌዘር ገዝተው መጥተው ግድግዳ ላይ ሲያበሩ ባዘቶ ዘልላ ትይዛለች፤ መዳፏን ስታነሳ ምንም የለም። እነሱ ሳቁ፤ እኔ ቀማኋቸው። ስስት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 የድመት ባለቤቶችን በመጠየቅ የተሠራ ጥናት ይህን መብራት ደጋግመው የሚያጫውቱ ሰዎች ድመቶቻቸው ጥላና ነጸብራቅ ሲያሳድዱ፣ ወይም በአንድ መጫወቻ ላይ ብቻ ሲጣበቁ በብዛት እንደሚያዩ አሳይቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ብሎ ለመደምደም ጥናቱ ብቻውን አይበቃም፤ ለኔ ግን ጥናቱ ባይኖርም ነውሩ ግልጽ ነው። ጋቢው ቢያንስ ይጨበጣል። መጨረሻ የሌለው ምኞት ሆን ብሎ ሰጥቶ መሳቅ፣ ምኞት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አይገባም። ማሳደድ ከወደደች የጨርቅ አይጥ በገመድ ጎትቱላት፣ በመጨረሻም ትያዘው።

ባዘቶን ጸበል አላስረጨሁባትም፤ አልጣልኳትምም። አሮጌው ጋቢ የእሷ ሆኗል። ዘርፉን ቆርጬ ጠርዙን አጥብቄ ዘመዘምኩት፤ የተመዘዘ ክር ሲገኝ ማታ ማታ ይቆረጣል፤ ድውርና መርፌ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። መሪጌታ ሲያልፍ አሁንም ይስቅብኛል፣ «ለድመት መጦሪያ ቆረጥክላት» እያለ።

የሰፈሬ ሰዎች ግን አንድ ነገር ስሙኝ። የድመት ልጅ በካርቶን ይዛችሁ «ጋሼ፣ ለሱቅ ትሁንልዎ» ስትሉኝ ዓይኗ ስለተገለጠ ብቻ ደርሳለች አትበሉ። እናቷ በሕይወት ካለች ሦስት ወር ያህል ተዉላት። ዘግይታ የመጣችም ድመት አይጥ ትይዛለች።