ስለ ራስ መመስከር

ሰው ስለ ራሱ በጎ ነገር እንዲናገር ሲጠየቅ እስከ የት ድረስ መሄድ ይፈቀድለታል? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ሊመስል ይችላል፡፡ ነገር ግን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የከተማ ወጣት ሁሉ፣ ‹‹ሲቪ›› የምንለውን አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ለማዘጋጀት በተነሳ ቁጥር፣ ወደደም ጠላም ይህንኑ ጥያቄ እየመለሰ ነው፡፡ የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን ጥያቄው እንደቀረበልን እንኳ ሳናውቅ መመለሳችን ነው፡፡

ሳናውቅ የምንመልሰው ሲቪያችንን የሚጽፈው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው፡፡ በየሰፈሩ ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ተመልከቱ፡፡ ጸሐፊዋ ስም፣ የትውልድ ዘመንና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ትጠይቃለች፤ የቀረው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፡፡ በሥራ ጫና ውስጥ በብቃት መሥራት እችላለሁ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ፣ አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ ነኝ የሚል ነው፡፡ ቀድሞ የመጣውም፣ ነገ የሚመጣውም በሥራ ጫና ውስጥ በብቃት መሥራት ይችላል! የአመልካቾችን ማስረጃ በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ስለተቀመጥኩ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን በብዛት አይቻለሁ፡፡ በአንድ ወቅት የሦስት አመልካቾች ሲቪ እስከ ፊደል ግድፈቱ ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ አግኝተነዋል፡፡ ሦስቱ እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበር፤ ሁሉንም የምታውቃቸው ጸሐፊዋ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፡፡

በእኔ አስተያየት ሲቪ ምስክርነት ነው፡፡ ከሌላው ምስክርነት የሚለየው መስካሪውና የሚመሰከርለት አንድ ሰው በመሆናቸው ነው፡፡ በዚህም የተነሳ አንዳንድ ጥንቁቅ ወንድሞችና እህቶች ነገሩ ገና ከመነሻው ይከብዳቸዋል፡፡ ራሳችንን እንዳናጠራ በሱረቱ ነጅም ታዘን ሳለ፣ እንዴት ቁጭ ብለን ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እንዘረዝራለን? ይላሉ፡፡ ያደግንበት ባህልም ቢሆን ራሱን የሚያመሰግን ሰው አይወድም፡፡ ‹‹ሥራዬ ይናገርልኝ›› ማለት ያስከብራል፡፡ ችግሩ ያልተቀጠረ ሰው ሥራ አፍ የሌለው መሆኑ ነው፡፡

እነዚህን ወንድሞችና እህቶች የነብዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ እንደገና እንዲያነቡት እጋብዛቸዋለሁ፡፡ ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንደ ሥራ ማመልከቻ ግን ብዙዎቻችን አላየነውም፡፡ የግብጹ ንጉሥ ሰባት የሰቡ ላሞችን ሰባት የከሱ ሲበሏቸው በሕልሙ አይቶ ይጨነቃል፡፡ ከእስር ቤት ሆኖ ሕልሙን የፈታለት ዩሱፍ ነው፡፡ ንጉሡ ይምጣልኝ ብሎ መልእክተኛ ሲልክበት ዩሱፍ እየሮጠ አልወጣም፡፡ መልእክተኛውን መልሶ፣ እጆቻቸውን የቆረጡት ሴቶች ነገር እንዲጣራ ጠየቀ፡፡ ስሙ በሐሰት ጠፍቶ ነበርና የሚያውቁት ሰዎች ተጠይቀው እውነቱ እንዲወጣ ፈለገ፡፡ ዛሬ በሲቪ መጨረሻ ላይ የምስክሮችን ስምና ስልክ የምንጽፈው ለዚሁ አይደለምን? ሴቶቹም ተጠየቁ፣ የዐዚዝ ሚስትም እውነቱን ተናገረች፡፡ ዩሱፍ በምድሪቱ የግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾመው ንጉሡን የጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ስለ ራሱ የተናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጠባቂ መሆኑንና ዐዋቂ መሆኑን፡፡

ምን እንዳልተናገረ ደግሞ ልብ በሉ፡፡ የያዕቆብ ልጅ፣ የኢስሐቅ የልጅ ልጅ፣ የኢብራሂም ዘር መሆኑን አላነሳም፡፡ ሕልም መፍታቱን እንኳ በማመልከቻው አልደገመውም፡፡ ከፊት ለፊት የተደቀነው ሥራ የሰባት ዓመት ጥጋብን እህል ለሰባት ዓመት ድርቅ ማቆየት ነው፡፡ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የማይሰርቅ እጅና ስሌት የሚያውቅ ጭንቅላት ነው፡፡ ዩሱፍ እነዚህን ሁለቱን መርጦ አቀረበ፡፡ ስለዚህ መምረጥ፣ ለቀጣሪው የሚጠቅመውን ማስቀደም፣ የማይመለከተውን መተው ውሸት አይደለም፡፡ ኢማም ነወዊ (በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ‹‹አል-አዝካር›› በተባለው መጽሐፋቸው የራስን መልካም ነገር መናገርን ለሁለት ከፍለውታል፡፡ ለመኩራራትና ከሌላው በላይ ለመታየት ሲሆን የተወገዘ ነው፤ ጥቅም ሲኖርበትና ሰሚው ቃሉን እንዲቀበለው ሲረዳ ግን የተወደደ ነው፡፡ ለዚህኛውም ከሚጠቅሱት ማስረጃ አንዱ ይኸው የዩሱፍ ንግግር ነው፡፡

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀላል ነው፡፡ የሚከብደው በመምረጥና በማታለል መካከል ያለው ድንበር ነው፡፡

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት እንዳገኙና ሻጩን እንደጠየቁት እናውቃለን፡፡ ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ፡፡ ያ ሻጭ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፡፡ እህሉ እህል ነው፤ ከላይ ያለውም በእርግጥ ደረቅ ነው፡፡ ያደረገው ነገር ቢኖር የአደራደር ጉዳይ ነው፡፡ እህል በረንዳ የሚውል ማንኛውም ነጋዴ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፡፡

ስለ ንግግር ደግሞ የሐዲስ ዑለማኦች ከዚህ የረቀቀ ነገር ትተውልናል፡፡ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈውን ለመቀበል እያንዳንዱን አስተላላፊ መርምረዋል፡፡ ማን ነው፣ ከማን ተማረ፣ መቼ ሞተ፣ አገኘሁት ካለው ሰው ጋር በእርግጥ ተገናኝቷል ወይ? የጠየቁትም ሁለት ነገር ነበር፤ ሰውየው እውነተኛ ነው ወይ፣ የያዘውንስ በትክክል ይዟል ወይ? ደግ ሆኖ የሚረሳውን አልተቀበሉም፤ የማይረሳ ሆኖ የሚዋሸውንም አልተቀበሉም፡፡ ከመረመሯቸው ጉድለቶች አንዱ ‹‹ተድሊስ›› ይባላል፡፡ ሰውየው ሸኹን በሕይወት ዘመኑ አግኝቶታል፤ ያንን ሐዲስ ግን የሰማው ከእሱ ሳይሆን ከሌላ ሰው ነው፡፡ ሲያስተላልፍ ‹‹እከሌ ነገረኝ›› አይልም፤ እንዲያ ቢል ዋሸ፡፡ ‹‹ከእከሌ›› ብሎ ያልፋል፡፡ ሰሚው ራሱ ‹‹ነገረው ማለት ነው›› ብሎ ይሞላዋል፡፡ ውሸቱ የተፈጠረው በተናጋሪው አፍ ሳይሆን በሰሚው ጆሮ ነው፡፡ በ160 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ሹዕባ ኢብኑል ሐጃጅ በዚህ ነገር ላይ እጅግ ከመክበዳቸው የተነሳ የውሸት ወንድም አድርገው ይቆጥሩት ነበር፡፡ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ደግሞ (በ852 ዓመተ ሂጅራ አረፉ) ይህን በማድረግ የታወቁትን በአምስት ደረጃ መድበው በአንድ መጽሐፍ ዘርዝረዋቸዋል፡፡

እኔ የማያቸው ሲቪዎች ውስጥ ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙ የለም፡፡ የትምህርት ማስረጃ ፎርጅድ የሚያሠራ ሰው አለ፤ የእሱ ጉዳይ የፖሊስ ነው፡፡ የበዛው ተድሊስ ነው፡፡ አንዱ ‹‹ከ2014 እስከ 2015 በሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ›› ብሎ ይጽፋል፡፡ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ሲታይ ከነሐሴ 2014 እስከ መስከረም 2015 ነው፤ ሁለት ወር የማይሞላ ጊዜ ሁለት ዓመት መስሎ ተቀምጧል፡፡ ሌላው የተመረቀበትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሥራ የለቀቀበትን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፍና ሰባትና ስምንት ዓመት ልምድ ከአየር ላይ ያገኛል፡፡ ለአንድ ድርጅት ጥናት ለሦስት ቀን መጠይቅ ያስሞላው ‹‹ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ሠርቻለሁ›› ይላል፡፡ ከሁለተኛ ዓመት ያቋረጠው ‹‹በዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ›› ብሎ ያልፋል፡፡ ቃል በቃል ሁሉም እውነት ነው፡፡ ድንበሩን ለማግኘት እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ የተረዳውን መልሶ ቢነግርህ፣ ‹‹አዎ፣ እንደዚያ ነው›› ለማለት ትችላለህ ወይ?

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም፡፡ ‹‹ሁሉም እንዲህ እያደረገ እኔ ብቻዬን ደረቁንም እርጥቡንም ከላይ ባሰጣው፣ ለቃለ መጠይቅ እንኳ ሳልጠራ እቀራለሁ፡፡ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናቴ የኔን እጅ ነው የምታየው›› የሚሉ አሉ፡፡ እውነታቸውን ነው፤ አንዳንዴ ይቀራሉ፡፡ ‹‹አላህ ሪዝቅን ይሰጣል›› ብሎ ዝም ማሰኘት፣ አባባሉ እውነት ቢሆንም፣ ለተራበ ሰው በቂ መልስ አይመስለኝም፡፡ ነገር ግን የሚጎዳው ማን እንደሆነ እንይ፡፡ ብዙዎች ቀጣሪው ነው ብለው ያስባሉ፤ ‹‹ሀብታም ድርጅት ምን ይሆናል?›› ይላሉ፡፡ ቀጣሪውማ ራሱን ይጠብቃል፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል፡፡ ደግሞም ብዙ ሲቪ ያየ ሰው የሁሉንም ቃል በግማሽ ዋጋ መግዛት ይለምዳል፤ ራሴንም እንዲሁ ስሠራ አገኘዋለሁ፡፡ ስድስት ዓመት የሚለውን ሦስት ብዬ አነባለሁ፡፡ እንግዲህ ስድስት ዓመት የጻፈው ስድስት ዓመት የሠራው ከሆነ፣ የቀሩትን ሦስት ዓመታት የነጠቀው ማነው? እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከእሱ በፊት የዋሹት ሁሉ ናቸው፡፡ የተጋነነ ሲቪ ተጎጂ እዚያ ክፍል ውስጥ የሌለው፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ሌላው ሥራ ፈላጊ ነው፡፡

በተረፈ ቀጣሪን የሚማርከው ምን እንደሆነ ከወንበሩ በዚያኛው ወገን ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ፡፡ ቅጽል አይማርክም፡፡ ‹‹ታታሪ፣ ታማኝ፣ ቀልጣፋ›› የሚለውን ዓይናችን ዘሎት ያልፋል፡፡ ‹‹በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ለ14 ወራት የዕለት ሽያጭ መዝግቤአለሁ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ከካዝናው ጋር አስታርቄአለሁ›› የሚል መስመር ሲገኝ ግን ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፡፡ ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው ያለ ክፍያ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል፤ እንዲጻፍበት የሚፈልገውም የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን ነው፡፡ ምን ሠራህ፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት? ቅጽል የለበትም፡፡ ታማኝነትህን የሚናገርልህ ያየህ ሰው ነው፡፡ በመድየን ለነብዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ብርቱና ታማኝ መሆናቸውን ለአባቷ የመሰከረችው፣ መንጋውን ሲያጠጡላቸው በዓይኗ ያየችው ልጅ ነበረች፡፡

የሚያጋንኑትን ይህን ያህል ከተናገርኩ ስለሚያሳንሱትም ላንሳ፤ በኛ ሰፈር እነሱም ብዙ ናቸውና፡፡ አንዲት እህት ሲቪዋን እንዳይላት ሰጠችኝ፡፡ የሥራ ልምድ በሚለው ሥር ‹‹የለም›› ይላል፡፡ ስንጨዋወት ለአራት ዓመት ከሰዓት በኋላ መድረሳ ውስጥ ሕፃናትን ቁርኣን ስታስቀራ እንደቆየች፣ የተማሪዎቹን መዝገብ የምትይዘውና ወርኃዊ መዋጮውን የምትሰበስበውም እሷ እንደነበረች ነገረችኝ፡፡ ለምን አልጻፍሽውም? ብላት ሁለት ምክንያት ሰጠችኝ፡፡ አንደኛው ‹‹እሱ እኮ ለአጅር ነው እንጂ ሥራ አይደለም›› የሚል ነው፡፡ በዚህ አልተስማማሁም፡፡ አርባ ሕፃን በሥርዓት ያስቀመጠ፣ የሰው ገንዘብ በአማና የያዘ ሰው ‹‹ልምድ የለኝም›› ብሎ ቢጽፍ በራሱ ላይ የሐሰት ምስክር መሆኑ ነው፡፡ ሁለተኛው ምክንያቷ ከበድ ይላል፡፡ ‹‹ሃይማኖቴን አይተው ቢተዉኝስ?›› አለች፡፡ ፎቶዋን ከነሒጃቧ ማያያዝ እንዳለባትም ጠየቀችኝ፡፡

ይህን ከተድሊስ ለይቼ አየዋለሁ፡፡ ሻጩ የተወቀሰው የእህሉን ጉድለት በመሸፈኑ እንጂ የቤተሰቡን ጉዳይ ለገዢው ባለመንገሩ አይደለም፡፡ ሃይማኖት፣ ትዳር፣ የፊት መልክ ለሒሳብ መዝገብ ሥራ ጉድለትም ብቃትም አይደሉም፤ ማስታወቂያው ካልጠየቀ ፎቶ አለማያያዝ ማንንም አያታልልም፡፡ መድረሳውን በተመለከተ ግን ብትጽፈው ይሻላታል አልኳት፤ ከጻፈችም ‹‹የማስተማርና የመዝገብ ሥራ፣ መድረሳ›› ብላ በቀጥታ እንጂ ‹‹የማኅበረሰብ አገልግሎት ማዕከል›› በሚል ስም አለባብሳ እንዳይሆን፡፡ ውሳኔው የእሷ ነው፤ አደጋውን የምትሸከመው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም፡፡

ቀጣሪዎችም ቢሆኑ ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም፡፡ የሥራ ማስታወቂያ የቀጣሪው ሲቪ ነው፡፡ በአንድ ወር የሚለመድ ሥራ አውጥቶ አምስት ዓመት ልምድ የሚጠይቅ መስሪያ ቤት፣ ሦስት ዓመት ያለውን ልጅ አምስት ብለህ ጻፍ እያለው ነው፡፡ ሰው አስቀድሞ ተመርጦ ካለቀ በኋላ ለደንቡ ያህል የሚለጠፍ ማስታወቂያም አለ፤ ለእሱ ስንቱ የታክሲ ከፍሎ፣ ስንቱ ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ይመላለሳል፡፡ ‹‹ደመወዝ፡- በስምምነት›› የሚለውንማ ለምደነው ዓይናችን እንኳ አይቆምበትም፡፡ አብዛኛውን ጊዜ መስሪያ ቤቱ የበጀተውን ቁጥር ያውቀዋል፤ አመልካቹ ግን ሳያውቅ ዋጋውን እንዲጠራና ዝቅ አድርጎ ከጠራ በዚያው እንዲያዝ ይጠበቃል፡፡ ከአመልካች የወርና የቀን ዝርዝር ለሚጠይቅ ቀጣሪ፣ ማስታወቂያው ላይ አንድ ቁጥር መጻፍ ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም፡፡