ሆሣዕና እና የማግሥቱ ሰኞ
ስለ ሽያጭና ስለ ግዢ ቅንነት

ሆሣዕና ማለት በዕብራይስጥ ቋንቋ እባክህ አሁን አድን ማለት ነው። የኢየሩሳሌም ሕዝብና ሕፃናት ዘንባባ ይዘው፣ ልብሳቸውን በመንገድ አንጥፈው ጌታችንን በዚህ ቃል ተቀበሉት። በሐድያ ምድር የምትገኘው፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው የሆሳዕና ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ በዓል እንደ ሆነ ይነገራል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። እንግዲህ በዚያች ከተማ የሚኖር ሰው ቢገዛም ቢሸጥም አድራሻውን በተናገረ ቁጥር፣ ልብ ቢያደርግም ባያደርግም፣ ጸሎት ይናገራል ማለት ነው።

ዳሩ ግን የሆሣዕና እሑድ ብቻዋን አልቆመችም። ቅዱስ ማርቆስ እንደ ጻፈልን፣ ጌታችን በዚያች ዕለት ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ሁሉን ዘወር ብሎ ከተመለከተ በኋላ፣ ሲመሽ ወደ ቢታንያ ወጣ። በማግሥቱ ተመልሶ የለዋጮችን ገበታና የርግብ ሻጮችን ወንበር ገለበጠ (ማር. 11፥11-17)። ቤተ ክርስቲያናችንም የሰሙነ ሕማማትን ሰኞ መርገመ በለስና አንጽሖተ ቤተ መቅደስ ብላ የምታስበው ስለዚህ ነው። እኛ ካህናት ስለ ዘንባባው አዘውትረን እንሰብካለን፤ ስለ ተገለበጠው ገበታ ግን የምንናገረው ጥቂት ነው። ደግሞም ወንጌላዊው ከመቅደስ ወጡ የሚለን ሻጮቹን ብቻ ሳይሆን ገዢዎቹንም ጭምር መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በዘመናችን ገበያው ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ሰው መዳፍ ገብቶአል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾና በአንጋጫ የሚኖር ወጣት ያገለገለ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ሲፈልግ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የተለጠፈውን ሥዕል ያያል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር በጽሑፍ ዋጋ ይነጋገራል፤ ብሩን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዞ በመኪና ይመጣለታል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ያገለገለውን በቅናሽ ማግኘት በረከት ነው፤ በቅንነት የሚነግዱትም ብዙዎች ናቸው።

ክፋቱ የሚጀምረው የሻጩ ቃልና ዕቃው ሲለያዩ ነው። አንዱ የሌላ ሰው ዕቃ ሥዕል ይለጥፋል። ሌላው ባትሪው እኩለ ቀን የማይደርሰውን ስልክ “ስላይትሊ ዩዝድ” ብሎ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሠራ አስመስሎ ያቀርባል። የተሰበረውን መስተዋት በአስመሳይ ለውጦ የፋብሪካው ነው የሚል አለ፤ በቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል የተቆለፈውን፣ አልፎ አልፎም የተሰረቀውን የሚሸጥ አለ። ገዢው ጉድለቱን አይቶ ሲደውል ስልኩ አይነሣም፤ ሲጽፍም መልእክቱ አይደርስም፤ ሻጩ በሩን ዘግቶበታልና። ነቢዩ አሞጽ ሰንበት መቼ ታልፋለች እያሉ መስፈሪያውን የሚያሳንሱትን፣ የስንዴውንም ግርድ ለድኃ የሚሸጡትን ነጋዴዎች ሲገሥጽ (አሞ. 8፥5-6) ያየው ይህንኑ ልብ ነው። ግርድ መሸጥ ኃጢአት አልነበረም፤ ግርዱን ስንዴ ነው ብሎ መሸጥ ነው እንጂ።

ነገሩ ስለ አንድ ስልክ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የዚያን አገር ኑሮ ያስብ። ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደው በዚያ ይኖራሉ። እናት የልጅዋን ፊት የምታየው፣ ደኅንነቱንም የምታውቀው በዚያች ስልክ ነው። እንሰት ፍቃ፣ ቆጮና ቅቤ ሸጣ ያጠራቀመችውን ብር ላልታወቀ ሻጭ ልካ፣ የመጣላት ዕቃ የማይበራ ቢሆን የተወሰደባት ብሩ ብቻ ነውን? የልጅዋ ፊት ነው። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ተማሪም የሚከስረው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ነው። ብልህ ነጋዴ መባልን የሚወድ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን በፊቱ ያቁማቸው።

በቀድሞው ገበያ ገዢ የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይቈጥር ነበር፤ ቅቤውን ያሸት ነበር፤ ቆጮውን በጣቱ ጫን ብሎ ያይ ነበር። ሻጩም ነገ በዚያው ገበያ ስለሚገኝ ያፍራል። ዛሬ ግን በጥርስ ፈንታ ያለው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ የቃል ኃላፊነት በረታ እንጂ አልቀለለም። ይልቁንም የሚያሳዝነን የቅዱሳንን ሥዕል መለያ ምልክቱ አድርጎ፣ በእመቤታችን ስም እየማለ የሚያታልለው ነው። ገዢው የታመነው ሻጩን አይደለም፤ ሥዕሉን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ሰርቆአል፤ ከገዢው ገንዘብን፣ ከቅዱሳን ደግሞ ክብርን። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ሌላ እምነት ያለውን ጎረቤቱን በዚህ መንገድ ሲያታልል፣ ስለ እኛ ሃይማኖት የሚቀርበው ስብከት ምን ዓይነት እንደሚሆን መናገር አያስፈልገንም።

ገዢውም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ጠቢቡ ሰሎሞን ዕቃውን በሻጩ ፊት እያጣጣለ ገዝቶ፣ ፈቀቅ ሲል የሚመካውን ገዢ ታዝቦታል (ምሳ. 20፥14)። ከገበያው ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ዋጋ ሲጠራለት ከየት መጣ ብሎ የማይጠይቅ ሰው፣ አለመጠየቁ ለራሱ የሚያውቀው ነገር አለው። የተሰረቀ መሆኑን እየጠረጠረ የሚገዛ ሌባውን በገንዘቡ ይቀጥረዋል።

አባታችን አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ዋሻ ሲገዛ፣ ባለርስቱ በነጻ ውሰድ ቢለውም፣ 400 ሰቅል ብር በከተማው በር በሕዝብ ፊት መዝኖ ከፈለ (ዘፍ. 23)። የምስክር ጥቅም ይህ ነው። እንግዲህ ገዢ ዕቃውን ሳያይ ሙሉውን ብር አይላክ፤ በአዲስ አበባ ዘመድ ካለው ሄዶ ከፍቶ፣ ደውሎበት ይይለት። በስልኩ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ፣ ስድስት፣ መሰላል ቢመታ 15 አኃዝ ያለው የመሣሪያው መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ይህ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልተስማማ ሻጩን ይጠይቀው። የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል መነሣቱንም ይመልከት። ይህን ሁሉ በዐውደ ምሕረት መናገር የማይገባ የሚመስላቸው ወንድሞች አሉ፤ ኦሪት ግን ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያ መናገርን አላፈረችበትም (ዘሌ. 19፥35-36)።

ከተታለለ በኋላስ? ጌታችን የበደለህን ወንድምህን አስቀድመህ ለብቻው ንገረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ምስክር ጨምር ብሎ ሥርዓቱን አስተምሮናል (ማቴ. 18፥15-17)። ስለዚህ ቁጣንና ስድብን ከመጻፍ በፊት ጉድለቱን ለይቶ፣ በጨዋ ቃል ገንዘቤን መልስ ማለት ይገባል። ሻጩ የአገር ልጅ ከሆነ ሽማግሌዎች አሉ። በአማርኛ ሴራ የተንኮል ስም ነው፤ በሐድያና በከምባታ ግን የአባቶችን ሥርዓትና ሕግ የሚያመለክት የተከበረ ቃል ነው። አንዱ ቃል በሁለት ቋንቋ እንዲህ መራራቁ ያስገርማል፤ በሽማግሌ ፊት የቀረበ አታላይም ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቀን ይማራቸዋል። በሽማግሌ ካልሆነ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር ለመስማማቱና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ገዢም ዕቃውን ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ በቁጥር 2291 እና 2292 ያሳስበዋል። ሆን ብሎ ማታለልን የወንጀል ሕጉ በቁጥር 692 ይቀጣል። በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ የተላከ መልእክት በሕግ ዕውቅና ስላለው፣ የተጻጻፉትን መደምሰስ አይገባም።

በዚህ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ከመካሰስ ይልቅ መበደልን ለምን አትመርጡም ብሎ የቆሮንቶስን ሰዎች መገሠጹን (1ቆሮ. 6፥7) የሚያነሡ ምእመናን አሉ። መልካም ነው፤ ሰው የራሱን ኪሳራ ስለ ክርስቶስ ቢተው ዋጋ አለው። ነገር ግን ያ ሻጭ ነገ ሌላዋን እናት ያታልላል። ስለ ራስህ ትተህ፣ ስለ እርሷ ልትናገር ይገባሃል። ከመፍራትና ከስንፍና የመጣን ዝምታ ትዕግሥት ብለን አንጥራው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራን ግን ሌላ ነው። የተታለለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ምንድር ነው? ያንኑ ስልክ ጠርጎና አሳምሮ፣ ጉድለቱን ሰውሮ፣ ለሌላ ይሸጠዋል። እኔም እንዲሁ ተደርጌአለሁ ይላል። ማታ ያለቀሰበትን ነገር ጠዋት በባልንጀራው ላይ ያደርገዋል፤ ያም ለሦስተኛው ያስተላልፈዋል። እንዲህ እያለ የአንድ ሌባ ኃጢአት በብዙ ጨዋ ሰዎች እጅ ያልፋል፤ እያንዳንዳቸውም ራሳቸውን እንደ ተበዳይ እንጂ እንደ በዳይ አይቈጥሩም። መጽሐፈ ሲራክ ኃጢአት በመግዛትና በመሸጥ መካከል፣ በድንጋይ መጋጠሚያ እንደ ተተከለ ችንካር መሆኑን ሲናገር ይህን ያሳየናል፤ ችንካሩ ከሁለቱም ወገን ተይዞአልና በቀላሉ አይነቀልም። የሚነቀለው አንዱ ሰው ጉድለቱን ገልጦ፣ ባትሪው ደካማ ነው፣ መስተዋቱ ተለውጦአል ብሎ፣ በሚገባው ዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጥ ነው። በዚህ የሚደርስበት ኪሳራ እውነተኛ ኪሳራ ነው፤ አንሰውረውም። ሌላ ማንም ሊከፍለው የማይችለው ዕዳም ነው።

እንግዲህ እኛ የንስሐ አባቶች በዚህ ነገር ልንጠነቀቅ ይገባናል። በሽያጭ ያታለለ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ስግደትና ጾም ሰጥተን ብቻ አናሰናብተው። ዘኬዎስ በቤቱ ጌታን ባስተናገደ ጊዜ የገባው ቃል በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ መመለስን ነው (ሉቃ. 19፥8)። ሙሴም በደለኛው የወሰደውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለተበደለው እንዲመልስ አዝዞአል፤ ወደ ካህኑ የሚሄደውም የተበደለው ወይም ዘመዱ ሲታጣ ነው (ዘኁ. 5፥6-8)። ስለዚህ ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቼ ልረፍ የሚለውን ሰው፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ልንሰደው ይገባናል። በቀድሞ ዘመን ነጋዴ በመንገድ ያታለለውን መንገደኛ ከየት ላምጣው ቢል ይታመን ነበር። ዛሬ ግን በቴሌብር በተቀበለው ብር ላይ የላኪው ስም፣ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ይኖራል፤ ካህኑም ስልክህን ክፈትና ስሟን አንብብልኝ ሊለው ይችላል።